ብርሃን የበላቸው ፎቶግራፎቻችን

(ይህ ጽሑፍ በሐሮ ወንጪ የሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)




እንደምታውቁኝ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። የጉልምስና ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አምቦ ከተማ በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሳጥብ፣ በቀይ መብራት ወረቀት ሳትም ነው። ጨለማ የለመደ ሰው ብዙ ማውራት አይወድም። ዛሬ ግን ስለ ብርሃን እንዳወራ ታዝዣለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ብርሃን በዝቶባቸው የነጡ የድሮ ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር ማደስ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገርና በኋላ ላብራራ። ብርሃን የሸፈነው ይመለሳል፤ ብርሃን የወሰደው አይመለስም። ሙያው ያለው ሁለቱን በመለየት ላይ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ከብት የሚጠብቀው፣ ለመሄድ የቸኮለ ካለ ይህችን ይዞ መሄድ ይችላል።

ጉዳዩ አሁን ለምን ተነሣ? እንደሚታወቀው አካባቢያችን በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች እንደ አንዱ መዘገበው። መንገድና ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ አንድ እንግዳ በስልኩ በአንድ ቀን የሚያነሣው ፎቶ፣ እኛ በልጅነታችን በዓመት ካየነው ይበልጣል። ነገር ግን ሐይቁ ዳር ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር፣ በፈረስ ማን ያወጣና ያወርድ እንደ ነበር፣ ወደ ቂርቆስ ደሴት በታንኳ ማን ያሻግር እንደ ነበር የሚመሰክሩት በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት፣ በሙዳይና በሣጥን የተቀመጡት ወረቀቶች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ነጥተዋል።

ለምን ነጡ?

አንደኛው ምክንያት ቦታችን ነው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከላይ ያለው አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ ለዚህ ጨረርና ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ስሱ ነው። በዚህ ላይ ከታች ውሃው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጭጋጉም ብርሃኑን ይበትነዋል። ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ የሚያደርግ ፎቶ አንሺ ሰማዩን ያድን ነበር። ነገር ግን ማጣሪያ የነበረው ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ካሜራው ነው። በየገጠሩ ይዞሩ የነበሩት ብዙዎቹ ቀላል ካሜራዎች የብርሃን መለኪያ አልነበራቸውም። ፎቶ አንሺው በዓይኑ ገምቶ ነበር የሚያነሣው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚያ ዓይኑን ያስለመደ ሰው ወንጪ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግምቱ ይሳሳታል።

ሦስተኛው ምክንያት ልብሳችንና መልካችን ነው። ለበዓል ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ እንለብሳለን፤ ፊታችን ደግሞ ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ፎቶ አንሺው ፊቱ እንዲታይ ብርሃን ከጨመረ ነጠላው ይቃጠላል፤ ነጠላውን ለማዳን ከቀነሰ ፊቱ ይጠቁራል። ዕቃውን የሠሩት ሰዎችም እኛን አስበው አልነበረም። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለባለቀለም ፎቶ ማተሚያ ቤቶች ይልከው በነበረው ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በሙያው ሰዎች ዘንድ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ማተሚያው የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነበር ማለት ነው።

አራተኛው አያያዛችን ነው። በትክክል ታትሞ በኋላ የነጣም አለ። መስኮት ትይዩ የተሰቀለ ባለቀለም ፎቶ ቀለሙን ፀሐይ ትመጠዋለች። በሚገባ ያልታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የቀረው ኬሚካል ከጊዜ በኋላ ቢጫ ያደርገዋል፣ ያደበዝዘዋል። ይህን ስናገር ራሴንም ጨምሬ ነው። ውሃ በጠፋበት ቀን በችኮላ አጥቤ ፎቶ የሰጠሁት ሰው እዚህ መካከላችሁ ሊኖር ይችላል። ካለ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

ፊልም ላይ የተቀባው የብር ውሁድ ነው። ብርሃን የነካው ቦታ ሲታጠብ ጥቁር ብር ይሆናል። ስለዚህ ብርሃን የበዛበት ቦታ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ነጭ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ነጭ የሆነ ነገር ሁሉ ኔጋቲቩም ላይ የለም ማለት አይደለም። ኔጋቲቩ ከወረቀቱ የበለጠ ሰፊ የብርሃን ልዩነት ይይዛል። ወረቀቱ ሊሸከመው ያልቻለው ፊት ኔጋቲቩ ውስጥ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ስለሆነም ፎቶዎቻችን በሦስት ይከፈላሉ፤

ሀ/ ኔጋቲቩ ያለ። ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለው ይህ ነው።

ለ/ ኔጋቲቩ የጠፋ፣ ወረቀቱም የደበዘዘ፣ ነገር ግን የጨርቁ እጥፋት፣ የቅንድቡ መስመር፣ የእንሰቱ ቅጠል በጥቂቱም ቢሆን የሚታይ። ይህም በትዕግሥት ይወጣል።

ሐ/ ኔጋቲቭም የሌለው፣ ቦታውም ባዶ ነጭ የሆነ። ይህን ኮምፒዩተር አያድነውም። የሌለ ነገር አይታደስምና።

አሠራሩ

ከሁሉ በፊት ቅጂ ነው። ዋናው ፎቶ አይታጠብም፣ አይቆረጥም፣ እስክሪብቶ አይነካውም። በስካነር ይነሣል፤ ወረቀት ከሆነ በ600 ዲፒአይ፣ የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ከሆነ በ2,400 ወይም ከዚያ በላይ። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበብ የነጥብ ብዛት ነው። ስካነሩ የሚፈቅድ ከሆነ በ16 ቢት ይነሣ። 8 ቢት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን በ256 ደረጃ ሲከፍል፣ 16 ቢት በ65,536 ይከፍለዋል። ለነጣ ፎቶ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የቀረው ምስል በሙሉ በነጩ ጫፍ በጥቂት ደረጃዎች ውስጥ ተጨናንቆ ነውና የሚገኘው። ቅጂው በቲፍ ይቀመጥ። ጄፔግ ግን ታርሞ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ጥቂት ጥቂት ይጥላል።

ስካነር ከሌለስ? ስልክም ይሠራል። ፎቶውን በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው ጥላ ላይ ዘርጉት። ፍላሹን አጥፉ። ስልኩን ሳታዘነብሉ ልክ ከላዩ ያዙት። ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ የሌላ ስልክ ሙሉ ነጭ ያበራ ስክሪን ከኋላው፣ ከፍ አድርጋችሁ ያዙና አንሡት፤ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር መገልበጥ የፕሮግራሙ ሥራ ነው።

ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ነው። ጊምፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን በነፃ ነው፤ እኔም የምሠራው በእሱ ነው። በሁለቱም ዘዴው ያው ነው። ፎቶው በራሱ ላይ ይደረባል፤ የላይኛው ንብርብር «መልቲፕላይ» ወደሚባለው ይቀየራል። ትርጉሙ ማባዛት ነው። ፕሮግራሙ ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይቆጥራል፤ እያንዳንዱን ነጥብ በራሱ ያባዛና ለ255 ያካፍላል። እስቲ የትምህርት ቤት ልጆች ተከተሉኝ። 240 የነበረው 226 ይሆናል። 200 የነበረው 157 ይሆናል። 128 የነበረው 64 ይሆናል። ፎቶው ጠቆረ፤ በነጩ ውስጥ የተደበቀው መስመር ወጣ ማለት ነው። አንዴ ካልበቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረባል። ጥቁር የነበረው የፈረሱ ገላ ይበልጥ እንዳይጠቁር ደግሞ «ማስክ» በሚባል ጭምብል ይሸፈናል።

አሁን 255ን እንይ። 255 በ255 ተባዝቶ ለ255 ሲካፈል ያው 255 ነው። አሥር ጊዜ ብትደርቡትም ያው 255 ነው። ቅድም «ብርሃን የወሰደው አይመለስም» ያልኩት ከራሴ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በጨለማ ክፍል ሰማዩ እንዲጠቁር ስንፈልግ እጃችንን ክብ አድርገን በቀዳዳው በኩል ለዚያ ቦታ ብቻ ተጨማሪ ብርሃን እንሰጥ ነበር፤ ማቃጠል እንለዋለን። ፎቶሾፕን መጀመሪያ ሲያሳዩኝ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ላይ የታጠፈ እጅ ሥዕል አየሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብል «በርን፣ ማቃጠያ ነው» አሉኝ። የገዛ እጄን ስክሪን ላይ ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተርን መፍራት ተውኩ።

የማን ባል ነው?

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የባለቤታቸውን ፎቶ ይዘውልኝ መጡ። ታሪኩን እንዳወራ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ፎቶው በ1960ዎቹ ሐይቁ አፋፍ ላይ የተነሣ ነው። ባለቤታቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው ፈረስ ይዘው ቆመዋል። ልጆቻቸው ሳያድጉ ነው የሞቱት፤ ከዚህች ሌላ ፎቶ አልተውም። ፈረሱ በደንብ ይታያል፣ ኮርቻው ይታያል፤ ከአንገት በላይ ግን ፊቱና ሰማዩ አንድ ሆነዋል።

«ልጄ፣ ልጆቼ አባታቸውን አያውቁትም። እስቲ አውጣልኝ» አሉኝ።

እኔም ቸኮልኩ። አንድ ወጣት በስልኩ ያለውን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ፕሮግራም አሳየኝ። ፎቶዋን ሰጠነው፤ ቡና ሳይፈላ መለሰልን። ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ጢም አለው፣ ጥርት ብሏል። አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ «አዴ፣ ይኸው» ብዬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው፣

«ሰውየው መልከ መልካም ነው። ግን የማን ባል ነው?» አሉኝ።

ፕሮግራሙ ሊያታልላቸው ፈልጎ አይደለም። እጅግ ብዙ የሰው ፊት አይቶ የተማረ ነው፤ ምንም በሌለበት ቦታ ከተማረው ይመስላል ያለውን ያስቀምጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግምት መሆኑን እያወቅሁ ፎቶ ነው ብዬ ሰጠሁ።

አፍሬ ልወጣ ስል፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ፤ «አብሮት የተቀመጠ ሌላ ነገር የለም?» አልኩ። ከሙዳያቸው ሥር አሮጌ የፎቶ ቤት ፖስታ አወጡ። ውስጡ ኔጋቲቭ ነበረ። እሳቸው የተቃጠለ ወረቀት መስሏቸው ሊጥሉት ሲሉ፣ የባለቤቴ ዕቃ ነው ብለው ነው ያኖሩት። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ወደ ፀሐይ ቀና ባደርገው እንኳ ከፈረሱ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረውም።

ሦስት ምሽት ሠራሁበት። ግንባሩ መጣ። ከብርሃኑ የተነሣ የተጨፈነ የሚመስል ዓይን መጣ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ መጣ። ከጋቢው ጫፍ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ ጋቢውን የጨበጠች ትንሽ እጅ። ቀኝ ጉንጩ ግን ባዶ ነበር። ባዶውን ተውኩት።

ስወስድላቸው ጠባሳውን በጣታቸው ነኩና «በቅሎ ናት የረገጠችው» አሉ። ስለ ጉንጩ አንድም አላሉኝም። ትልቁ ልጃቸው፣ ዛሬ እሱም ሽበት አብቅሏል፣ ያቺ እጅ የእሱ መሆኗን ከእናቱ አፍ ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከአባቴ ጋር የተነሣሁት ፎቶ የለኝም ሲል የኖረ ሰው ነው። ስልኩ የሠራው መልከ መልካም ሰው ጠባሳ አልነበረውም። እጂቱም አልነበረችበትም።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው በሟቾቹ ፎቶግራፍ ተሸፍኗል። ከእነዚያ መካከል ቢደበዝዝ እንኳ የራሱ ፊት የሆነ ጉርድ ፎቶ፣ አምሮ ከተሠራ የሌላ ሰው ፊት ይበልጣል። እናት ልጇን የምትለየው በእሱ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ቤተ መንግሥቱ የራሱ ፎቶ አንሺ ነበረው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ዘመን ሠርቷል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። የእኛ ወላጆች ግን ብዙዎቹ መንገደኛ ፎቶ አንሺ ሲያልፍ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ወይ ሁለት ጊዜ ነው የተነሡት። የነገሥታቱን ፎቶ የሚጠብቅ ተቋም አለ፤ የእኛን ከእኛ በቀር የሚጠብቅ የለም። እንደሚቻልም ታይቷል። በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ወጣቶች የየቤተሰቡን የድሮ ፎቶ እየሰበሰቡ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ፎቶ ስታመጡ ፖስታውንም፣ ኔጋቲቩንም፣ የተቃጠለ ወረቀት የሚመስለውንም ጨምራችሁ አምጡ።

2ኛ/ መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ። ከነመስታወቱ ይነሣል።

3ኛ/ የፎቶው ጀርባም ይነሣ። «ሀገረ ሕይወት» የሚል ጽሑፍ ካለበት አምቦ በዚያ ስም ትጠራ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው፤ ለዘመኑ ምልክት ይሆነናል።

4ኛ/ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አብሮ ይምጣ። ስሙ በመዝገብ ይጻፍ። ፊት ወጥቶ ስም ከጠፋ ሥራው ግማሽ ነው፤ ስም የሚያውቁት ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

5ኛ/ ዋናው ፎቶ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይመለስ። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

6ኛ/ የታደሰ ፎቶ በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ያልታደሰው ቅጂ አጠገቡ ይለጠፍ። በግምት የተሞላ ቦታ ካለው «በግምት የተሞላ» ተብሎ ይጻፍበት።



ከተሰብሳቢው ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፤ ጥቁርና ነጩን ፎቶ ባለቀለም ማድረግስ?

መልስ፤ ይቻላል፤ ግን እሱም ግምት ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚመዘግበው የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለምን አይደለም። ቀይ ጥለትና አረንጓዴ ጥለት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የነጠላውን ጥለት ቀለም የምታውቀው የለበሰችው ናት፤ እሷ ካለች ጠይቋት፤ ከሌለች ጥቁርና ነጩን ተዉት።

ጥያቄ፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣውም ይነጣል። ምን እናድርግ?

መልስ፤ ስልክ እንደ ኔጋቲቭ አይደለም። ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ ስልክ ግን 255 ከደረሰ በኋላ ምንም አይዝም። ሐይቁ ዳር ስታነሡ ስክሪኑ ላይ ደማቁን ቦታ፣ ሰማዩን ወይም ጋቢውን፣ በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ። ትንሽ ቢጠቁር በኋላ ይፈካል፤ ከነጣ ግን የለም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጥላ ሥር መቆም ነው፤ እንሰቱ አጠገብ።